ከርነሉን በቀጥታ ልጥራ ወይስ በላይብረሪው በኩል? ለጠየቅከው ወንድም

ጥያቄህን አየሁት። 64 ቢት ሊኑክስ ላይ በሲ ትጽፋለህ። ፍጥነት እንዲጨምርልህ ላይብረሪውን (የሲን ዝግጁ ፋንክሽኖች) ዘለህ በአሴምብሊ (በፕሮሰሰሩ ቋንቋ) «ኢንት 80» በሚባለው ትእዛዝ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ብትጠራ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሃል። አታድርገው። በዚህ ጉዳይ ያየሁትን መከራ አንተ እንድታየው አልፈልግም።

1. በላይብረሪው በኩል ጥራ። ራይት (መጻፊያ)፣ ሪድ (ማንበቢያ) የሚባሉት ፋንክሽኖች ቀጫጭን ናቸው። የጥሪውን ቁጥርና አርጊውመንቶቹን ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጠው ወደ ከርነል ይገባሉ፤ ስህተት ሲመጣ ኤርኖ በሚባለው የስህተት ቁጥር መያዣ ላይ ይጽፉልሃል። እነሱን ዘለህ የምታተርፈው ጊዜ ኢምንት ነው። ሰዓት የምትጠይቅ ከሆነማ ላይብረሪው ይቀድምሃል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቪዲኤስኦ (ከርነሉ ፕሮግራሙ ውስጥ በሚያስቀምጠው ትንሽ ኮድ) በኩል ከርነል ሳይገባ ነው የሚመልስልህ።

2. ኢንት 80 የ32 ቢት መግቢያ ነው፤ 64 ቢት ፕሮግራም ውስጥ አታስገባው። አንድ መሥሪያ ቤት ስቀጠር የተረከብኩት ፕሮግራም የሽያጭ መዝገቡን የሚጽፈው በዚህ ነበር። ፋይሉን በላይብረሪ ይከፍታል፣ መጻፉን ግን «ለፍጥነት» ተብሎ በአሴምብሊ አድርገውታል። ለዓመታት ሠርቷል። ሰርቨሩ ወደ ኡቡንቱ 18.04 ተቀይሮ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ኮምፓይል ሲደረግ መዝገቡ ባዶ ሆነ። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ ምንም አይልም። ፋይሉ ዜሮ ባይት ነው፣ በቃ።

ኮዱን ለሸጡልን ሰዎች ደወልን። «እኛ ጋ ይሠራል፣ የተበላሸው ሰርቨራችሁ ነው» አሉን። ሜሞሪ አስቀየሩን። ዲስክ አስቀየሩን። ችግሩ ኮዱ ላይ ነው ስል «አንተ ገና ጀማሪ ነህ» ተባልኩ፣ ያውም አለቆቼ ፊት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በኤስትሬስ (የከርነል ጥሪዎችን በሚያሳይ መሣሪያ) ሳየው ራይት የሚባል ነገር የለም። ስታት (የፋይል መረጃ መጠየቂያ)፣ ስታት፣ ስታት ይላል፤ ሁሉም በኢፎልት («የተሳሳተ አድራሻ» በሚል ስህተት) ይመለሳል። ነገሩ ወዲህ ነው። ቁጥር 4 በ32 ቢት ሠንጠረዥ ራይት፣ በ64 ቢቱ ደግሞ ስታት ነው። የዚያን ጊዜው ኤስትሬስ ፕሮግራሙ 64 ቢት ስለሆነ በ64 ቢቱ ሠንጠረዥ አነበበው። ከርነሉ ግን ጥሪው በኢንት 80 ስለመጣ ራይት ብሎ ተቀበለው፤ የሚጻፈው ዳታ ካለበት የሜሞሪ አድራሻም የታችኛውን 32 ቢት ብቻ ወሰደ። ድሮ የፕሮግራሙ ዳታ ዝቅተኛ አድራሻ ላይ ስለሚቀመጥ ችግሩ አይታይም ነበር። ከኡቡንቱ 16.10 ወዲህ ግን ኮምፓይለሩ ሳትጠይቀው ፒአይኢ (የትኛውም የሜሞሪ አድራሻ ላይ ሊጫን የሚችል) ፕሮግራም ነው የሚያወጣው። አድራሻው ከ32 ቢት በላይ ሆነና ሲቆረጥ የማይታወቅ ቦታ ላይ አረፈ። ከርነሉ ‑14 (ኢፎልት ማለት ነው) ብሎ መልሷል፤ መልሱን የሚያይ አንድ መስመር እንኳን ኮዱ ውስጥ አልነበረም።

እኔው አገኘሁት፣ እኔው በላይብረሪው ራይት ተካሁት፤ መዝገቡ በዚያው ቀን መጻፍ ጀመረ። ይቅርታ ያለን የለም። የሜሞሪውን ገንዘብ የመለሰም የለም።

3. ላይብረሪው የማያውቀው አዲስ ጥሪ ካጋጠመህ ማንኛውንም ጥሪ በቁጥሩ የሚጠራልህ ሲስኮል የሚባለው ፋንክሽን አለ። ጌትራንደም (የዘፈቀደ ቁጥር መጠየቂያው) በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከርነል 3.17 ላይ መጥቶ ጂሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) ውስጥ የገባው በ2017 ነው፤ እስከዚያ ሰው በሲስኮል ነበር የሚጠራው። ቁጥሩን ግን ከሄደር ፋይሉ ውሰድ፣ በእጅህ አትጻፍ፤ ራይት በ64 ቢት ኢንቴል 1 ሲሆን በ64 ቢት አርም 64 ነው። ሴትዩአይዲን (የተጠቃሚ ማንነት መቀየሪያውን) ደግሞ በሲስኮል እንዳትነካው! ከርነሉ መብቱን የሚቀይረው ለጠራው ትሬድ (ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሠሩት አንዱ) ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) እንደሆኑ ይቀራሉ። ለሁሉም የሚያዳርሰው ላይብረሪው ነው።

ሊኑክስ ቢያንስ የጥሪ ቁጥሮቹን አይቀያይርም። ማክና ዊንዶውስ ይህን ቃል አይገቡልህም። የጎ ቋንቋ ሰዎች እንኳን ማክ ላይ ከርነሉን በቀጥታ ሲጠሩ ቆይተው፣ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ጎ 1.11 ጀምሮ ወደ አፕል ላይብረሪ ዞረዋል።

ራይት ከላክህለት ያነሰ ባይት ጽፎ ሊመለስ ስለሚችል መልሱን ሁሌም እይ፣ የቀረውን አስቀጥል። አሁን የጻፍከውን አሴምብሊ እዚሁ ለጥፈው፤ የትኛው መስመር እንደሚቀየር አሳይሃለሁ።