ፓኔል ከመጨመርህ በፊት የሚበላውን ተመልከት

አንድ የባሕር ዳር ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አሮጌ ሃይኤስ ሚኒባስ ገዝቼ ወንበሮቹን አስነቅዬ አልጋ አስገባሁበት። ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ዘጌ፣ ቁንዝላና ጎርጎራ እየወሰድኩ ሐይቁ ዳር ላሳድራቸው ነው ሐሳቤ። ጣራው ላይ 100 ዋት ሶላር አለኝ። ባትሪው ከአይሱዙ የወጣ የ100 አምፒር ነው። በ12 ቮልት የምትሠራ ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ሦስት የኤልኢዲ አምፑል፣ አንድ ትንሽ ፋንና 1000 ዋት ኢንቨርተር አስገብቻለሁ። ገመዱ ከቤት ዝርጋታ የተረፈኝ ባለ 1.5 ሚሊ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ደህና ይሠራል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሳይሞላ ግን ኢንቨርተሩ ይጮሃል፣ መብራቱም ይደክማል። ሁለተኛ ፓኔል ልግዛ ወይስ ባትሪ ልጨምር? ገንዘቤ ትንሽ ነው።»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ፓኔሉን ተወው። ሌባው ጣራው ላይ አይደለም፣ ውስጥ ነው ያለው። ያቺ ማቀዝቀዣ ሳጥንህ ናት።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ባለ 12 ቮልት ሳጥኖች አብዛኞቹ ኮምፕረሰር የላቸውም። ውስጣቸው ያለው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በአንድ ጎኑ የሚቀዘቅዝ፣ በሌላው የሚሞቅ ትንሽ ሰሌዳና አንድ ፋን ነው። ለማወቅ ቀላል ነው። ጆሮህን አስጠጋ። እንደ ቤት ፍሪጅ እየተነሳ የሚያርፍ ድምፅ ከሌለው፣ ፋኑ ብቻ ሌት ተቀን የሚሽከረከር ከሆነ ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ሳጥን ወደ 5 አምፒር ይጎትታል፣ ማለትም 60 ዋት። አያርፍም። 60 በ24 ሰዓት ስታበዛው በቀን የሚበላው ጠቅላላ ኃይል 1440 ዋት አወር ይመጣል። ይሄን ሁሉ በልቶ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ከውጭው አየር 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ 40 ዲግሪ ቢሆን፣ ለስላሳህ 20 ዲግሪ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። እንግዳ ፊት አያስመሰግንም።

አሁን የሚገባውን እንይ። ባሕር ዳር ላይ በበጋ ደህና ፀሐይ ያለበት ቀን፣ ሙሉ ኃይል ያለው ፀሐይ ለ5 ሰዓት እንዳገኘህ አድርገህ አስላ። የ100 ዋት ፓኔል በወረቀት 500 ዋት አወር ይሰጣል። በሙቀት፣ በአቧራ፣ በገመድና በባትሪ የሚባክነውን ስትቀንስ 350 ቢቀርህ ጥሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመና 3 ሰዓት ተኩል ብለህ ያዝ፣ 245 አካባቢ ይሆናል። ገቢህ 350 ሆኖ አንዲት ሳጥን ብቻ 1440 ትበላለች። ሁለተኛ ፓኔል ብትጨምር ገቢህ 700 ይሆናል፣ አሁንም ግማሹ እንኳ አልሞላም። በተቀደደ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ቀጣዩ በላተኛ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ነው። ስልክ ለመሙላት ብለህ ቀኑን ሙሉ ክፍት ትተወዋለህ ብዬ እገምታለሁ፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። 1000 ዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት 10 ዋት ያህል ለራሱ ሊበላ ይችላል። በቀን 240 ዋት አወር ማለት ነው፣ የክረምት ገቢህን በሙሉ። ስልክ በመኪና የዩኤስቢ ቻርጀር በቀጥታ ከ12 ቮልት ይሞላል። ኢንቨርተር የሚያስፈልግህ ለላፕቶፕና ለካሜራ ባትሪ ብቻ ነው። ለዚያም 300 ዋት ይበቃል፣ ፒዩር ሳይን የሚባለውን፣ እንደ ቤት መብራት የተስተካከለ ኃይል የሚሰጠውን ምረጥ። ሲጨርሱ አጥፋው።

የቀረው ትንሽ ነው። ሦስቱ አምፑሎች እያንዳንዳቸው 5 ዋት ሆነው 5 ሰዓት ቢበሩ 75። ፋኑ 15 ዋት ሆኖ ሌሊቱን 8 ሰዓት ቢሠራ 120። ስልኮቹና ላፕቶፑ ወደ 100። ድምሩ 300 አይሞላም። ሳጥኗን ካወጣህ፣ ኢንቨርተሩን ካጠፋህ፣ ያለህ አንድ ፓኔል በበጋ ይበቃሃል። ምንም ሳትገዛ።

ለቅዝቃዜው ሁለት መንገድ አለህ። ለአንድና ለሁለት ሌሊት ጉዞ ቤትህ ወይም ሆቴል ፍሪዘር ውስጥ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልተህ በረዶ እስኪሆን አቆየው። ግን እስከ አፉ አትሙላው፣ በረዶ ሲሆን ያብጣል። ደህና ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ አራት አምስቱን ደርድር፣ ዓሣም መጠጥም ይይዝልሃል። ሲቀልጥ ይጠጣል። ሥራው ሲገባና ኪስህ ሲፈቅድ ደግሞ ኮምፕረሰር ያለውን ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ግዛ። እሱ ሲነሳ 4 አምፒር ያህል ይጎትታል፣ ግን ያርፋል። ትንሹ በቀን ከ400 እስከ 500 ዋት አወር ይበቃዋል። ሁለተኛው ፓኔል ትርጉም የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ፣ የአይሱዙው ባትሪ ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፒር ተፍቶ ወዲያው በዲናሞ እንዲሞላ ነው የተሠራው። በየሌሊቱ ታች ድረስ ብታወርደው በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ይረግፋሉ፣ ባትሪው በወራት ውስጥ ያልቃል። የአንተው ደግሞ ቀድሞም ያገለገለ ነው። ሳጥኑ 5፣ ኢንቨርተሩ 1፣ መብራቱና ፋኑ 2 አምፒር ቢወስዱ በድምሩ 8 ነው። ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት በ8 አምፒር 40 አምፒር አወር ይሆናል። በላዩ 100 ቢጻፍበትም በውስጡ የቀረው ያን ያህል ነው ማለት ነው።

ዲፕ ሳይክል የሚባለውን፣ በየቀኑ እየወረደ እንዲሞላ የተሠራውን ባትሪ፣ ጄል ወይም ኤጂኤም የሚባለውን ዓይነት ፈልግ። ባለ 100 አምፒሩ 1200 ዋት አወር ይይዛል፣ ግን ከግማሽ በታች አታውርደው፣ 600 ያንተ ነው። ለ300 ፍጆታ ሁለት ሌሊት ይበቃል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ከያዘው ከ80 በመቶ በላይ ይሰጥሃል፣ ዕድሜውም ብዙ ይረዝማል። ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ በአንተ አቅም አሁን አልመክርህም። አንድ ቀን እንግዶችህን ወደ ስሜን ተራሮች የምትወስድ ከሆነም ሊቲየም ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ እንደማይደረግ እወቅ። እዚያ ባለው የሳንካበር ካምፕ ሌሊቱ ውርጭ ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት ባትሪው ሳይሞቅ ፀሐይ ፓኔሉን ካገኘችው ይጎዳል። መከላከያ ያለው መሆኑን ሳታረጋግጥ አትግዛ። አሁን ያለህን የውኃ ባትሪ እስክትቀይር ድረስ ደግሞ ዲስቲልድ የሚባለውን የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ጨምርበት፣ የቧንቧም የጣናም አይሆንም። ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ከአልጋው ሥር አውጥተህ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው።

ገመዱ! በላክልኝ ፎቶ ላይ ባትሪው ላይ ፊውዝ አላየሁም። ይሄ ከሁሉም ይቅደም፣ ዛሬውኑ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ፊውዝ አስገባ። የገመዱ ሽፋን ተፍቆ የመኪናውን አካል ቢነካ፣ ሰው የተኛበት መኪና ነው የሚቃጠለው። ቀጭኑን 1.5 ሚሊ ለአምፑል ተወው። 8 አምፒር በ5 ሜትር ርቀት ሲሄድበት፣ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ስለሆነ፣ 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። መብራትህ የሚደክመው በከፊል በዚህ ነው። በወፍራሙ 6 ሚሊ ግን የሚጠፋው ሩብ ቮልት እንኳ አይሞላም። ኢንቨርተሩ ከባትሪው ጎን ሆኖ የራሱ ወፍራም አጭር ገመድና ፊውዝ ይኑረው። 1000 ዋት በ12 ቮልት ከ80 አምፒር በላይ ነው፣ አንድ እንግዳ የውኃ ማፍያ ቢሰካበት ምን እንደሚሆን አስበው። ቡናውን ውጭ አፍሉ። ከሰል መኪና ውስጥ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር ለአንድ ፓኔል ርካሹን ዓይነት፣ ፒደብልዩኤም የሚባለውን፣ ብታደርገው ምንም አይደለም፣ የተረፈውን ገንዘብ ባትሪው ላይ አውለው። የፓኔሉን ኃይል አሟጦ የሚያወጣው ውዱ ዓይነት ኤምፒፒቲ ይባላል፤ ግን ርካሽ ሆኖ ኤምፒፒቲ ተብሎ የተጻፈበትን አትመን፣ ብዙው ስሙ ብቻ ነው። ባትሪው ገና ባልሞላበት ሰዓት፣ ደህና ፀሐይ እያለ የፓኔሉን ቮልት በቴስተር ለካ። ከባትሪው በጥቂቱ ብቻ ከበለጠ ፒደብልዩኤም ነው። 17 ወይም 18 ካሳየህ እውነተኛው ነው። ለቤት የሚሸጠውን ትልቅ ፓኔል፣ ከ30 ቮልት በላይ የሚሰጠውን፣ ከገዛህ ግን ኤምፒፒቲ ግድ ነው፣ አለበለዚያ ከግማሽ በላዩን ትጥለዋለህ። ስትገጥም መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን። ስትነቅል በተቃራኒው።

ዩቲዩብ ላይ ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዘንብለው የሚሉትን እርሳው። እነሱ ያሉት ሩቅ ሰሜን ነው። እኛ ዘንድ በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፣ ጠፍጣፋ ጣራ ተስማሚ ነው። በታኅሣሥ ትንሽ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ይካሳል። ከጣራው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ አየር አሳልፍበት። ችግርህ ጥላው ነው። ዋርካ ሥር ማቆም ለእንግዳ ደስ ይላል፣ ለፓኔሉ ግን ሞት ነው፤ የቅርንጫፍ ጥላ በጥቂቱ ቢያርፍበት እንኳ ኃይሉ በጣም ይወርዳል። ሁለተኛውን ፓኔል የገዛህ ዕለት ጣራው ላይ አትስቀለው። 10 ሜትር የ6 ሚሊ ገመድ ስጠውና ከጥላው ውጭ አቁመው፣ ማታ ታስገባዋለህ።

መኪናው ራሱም ቻርጀር ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሞተር ሲነሳ ብቻ የመኪናውን ማስነሻ ባትሪና ይሄን የሶላር ባትሪ የሚያገናኝ 40 አምፒር ሪሌይ፣ ወፍራም ገመድና በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ይበቃል። ዲናሞው በሰዓት 15 አምፒር ቢያስገባልህ ወደ 200 ዋት አወር ነው፣ የክረምቱን ጉድለት ይሸፍናል። ይሄ ለሊድ ባትሪ ነው፣ ሊቲየም ከሆነ በመካከሉ የዲናሞውን ኃይል ለሊቲየም የሚያስተካክል ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ይፈልጋል።

ጎርጎራ ከመሄድህ በፊት ግቢህ ውስጥ አንድ ሌሊት እደርበት። ማታ ፓኔሉ ሥራ ካቆመ በኋላ ባትሪውን ለካ፣ 12.7 ቮልት አካባቢ ይሁን። አምፑሉንና ፋኑን እንደ ልማድህ አብራ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሁሉንም አጥፍተህ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ እንደገና ለካ። 12.2 እና ከዚያ በላይ ካሳየህ እንግዳህን ጫን። 11.8 ካየህ የአይሱዙው ባትሪ አብቅቶለታል፣ ቁጥሩን ላክልኝና ቀጣዩን እንነጋገራለን።