ሽንኩርትዎን ያፈነው ዋልካው ነው

አቃቂ ያለው ጓሮዬ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ሽንኩርቱ ቢጫ ይሆንብኛል ብለው ጠይቀዋል። መሬትዎ ዋልካ፣ ማለትም የሚያጣብቅ ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ይመስላል። እፍኝ አፈር አርጥበው በመዳፍዎ መካከል ያሹት፤ ሳይበጣጠስ እንደ ገመድ ከረዘመ ዋልካ ነው። ዋልካ ድሃ አፈር አይደለም፤ ችግሩ ውኃ ይዞ አለመልቀቁ ነው፤ ሥሩ አየር ያጣል። ስለዚህ ለማዳበሪያ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ከፍ ያሉ መደቦች ሠርተው በየመካከላቸው 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ይክፈቱ፤ ቦዩ ወደ ተዳፋቱ ይውረድ። ጥቂት አሸዋ ቀላቅሉበት የሚልዎትን አይስሙ፤ እኔ ሰምቼ ጓሮዬን ጡብ አድርጌዋለሁ። በየዓመቱ ብስባሽ ይጨምሩ እንጂ። ጭቃ ሳለ ግን አይቆፍሩት። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ሽንብራ ይዝሩበት፤ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል።