ሰው በነዳጅ ኩባንያዎች ትርፍ ላይ ብቻ የሚቆጣው ለምንድን ነው?

«አፕል ከኤክሶንሞቢል በላይ እያተረፈ ሰው ለምን ነዳጅ ሻጩን ብቻ ይራገማል?» ብለው ለጠየቁት፣ በቁጥሩስ ልክ ነዎት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ኤክሶንሞቢል 56 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲያተርፍ አፕል ወደ 100 ቢሊዮን ተጠግቶ ነበር። ከመቶ ዶላር ሽያጭ የሚተርፈውም ለአፕል 25፣ ለኤክሶንሞቢል 13 ዶላር ያህል ነበር።

ነገር ግን ሰውን የሚያስቆጣው ከትርፉ መጠን ይልቅ አመጣጡ ይመስለኛል። አዲስ ስልክ ሳይገዙ መክረም ይቻላል፤ ሥራ ሳይሄዱ መክረም ግን አይቻልም። ደግሞ የ2022ቱ ትርፍ ያበጠው ኩባንያዎቹ የተሻለ ነገር ስለሠሩ ሳይሆን፣ በዋናነት ሩሲያ ዩክሬንን ወርራ የዓለም ገበያ ዋጋ ስለናረ ነው። የአንዱ መከራ ለሌላው ሲሳይ ሲሆን ማየት ያንገበግባል። ድፍድፍ ነዳጅ ሲወደድ የማደያው ዋጋ ወዲያው ይሰቀላል፤ ሲረክስ ግን እያዘገመ ነው የሚወርደው። (ማደያው ብዙ ጊዜ የግለሰብ ነጋዴ ንብረት መሆኑን ማን ልብ ይላል!)

ኩባንያዎቹም መከራከሪያ አላቸው፦ በ2020 ኤክሶንሞቢል 22 ቢሊዮን ዶላር ሲከስር ያዘነለት አልነበረም። እውነት ነው። ይሁንና ትርፉ ሲመጣ በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠረውን ገንዘብ የራሳቸውን አክሲዮን መልሰው ለመግዛት፣ ማለትም ባለአክሲዮኖቻቸውን ለመጥቀም፣ ማዋላቸው ክርክራቸውን አሳጥቶታል።

ብሪታንያ በ2022 በነዳጅ ኩባንያዎች ትርፍ ላይ የጣለችው ዓይነት ልዩ ግብር ቁጣውን ያበርደው ይሆናል። እኔ ግን ብዙ ተስፋ አልጥልበትም፤ አሜሪካ በ1980 የጣለችው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሰብስቦ በ1988 ተሽሯል።