ሦስተኛውን መኪና ከመሸጥዎ በፊት ክዳኑን ይመልከቱ

አራት ኪሎ አካባቢ የሚያስተምሩ አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት መኪና ሸጬ፣ ሁለቱንም ጊዜ አዲስ ይሻላል እያልኩ ገዝቻለሁ። አሁን የያዝኩት በፈረንጅ 2003 የተሠራ ቪትዝ ነው። ማታ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ የሙቀት መብራቱ ይበራል፤ ስቆም እንፋሎት ይወጣል። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር የለም፤ ነገር ግን ጠዋት ሳየው ትርፉን ውሃ የሚይዘው የላስቲክ ጋን ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ደላላው ‹ሞተሩ አልቋል፣ ቺንጋውም መለወጫው ደርሷል፤ ሳይታወቅበት ሽጪውና አዲስ ግዢ› ይለኛል። ልሽጠው?»

እህቴ፣ አይሽጡት። የቺንጋውን ነገር ላስቀድም፤ በዚህ ቪትዝ ላይ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት እንጂ ቺንጋ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ሞተሩ አልቋል ሲልዎ ሊያምኑት አይገባም።

የጻፉት አንድ ምልክት፣ ጋኑ ሞልቶ ራዲያተሩ መጉደሉ፣ በቀጥታ የሚያመለክተው የራዲያተሩን ክዳን ነው። ብዙ ሰው ክዳኑን እንደ ድስት መክደኛ ያየዋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ሽምብራ እዚህ ከድሬዳዋ ይልቅ ሳይበስል የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ ሲሠራ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል። ስለዚህ በእኛ ከተማ ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ያገኛሉ፤ በባር የሚለካ ግፊት ነው። ጤነኛ የ0.9 ክዳን በዚህ ከፍታ ላይ የመፍያውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሞላው (ስፕሪንጉ) ሲደክም ግን ማራገቢያው መዞር ሳይጀምር ውሃው ይፈላል፤ ገፍቶም ወደ ጋኑ ይወጣል። ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን መልሶ የሚስበው ያው ክዳን ስለሆነ ከተበላሸ ውሃው እዚያው ጋኑ ውስጥ ይቀራል።

ጠዋት ሞተሩ ፍጹም በርዶ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱ፤ ትኩስ ሆኖ ፈጽሞ እንዳይነኩት፣ ፊት ያቃጥላል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከደነደነ በዚያው ቁጥር አዲስ ይግዙ። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ዋጋው ለደላላው ከሚከፍሉት ኮሚሽን ጋር አይወዳደርም። ራዲያተሩ ውስጥ ዝገት የቀላቀለ የቧንቧ ውሃ ካለ አስፈስሰው ያሳጥቡትና ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ያስሞሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቶ መጣል መፍትሔ ነው የሚል መካኒክ ካገኙ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱንም ያበላሻል። ይህ ልማድ በከተማችን የስንቱን ሞተር ዕድሜ እንዳሳጠረ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰው መኪና ቶሎ ቶሎ የሚለውጠው ስለ ዘመናዊነት ነው ይባላል። ጋራዤ የሚመጡትን ሳይ ግን አብዛኞቹን የሚያሸጣቸው ፍርሃት ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ብልሽት መንገድ ላይ ያቆመኛል ብለው ይሰጋሉ፤ ሁለት ጋራዥ ሁለት የተለያየ ነገር ይነግራቸዋል፤ በመጨረሻ መሸጥ ይቀላቸዋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የቤንዚን መኪና ልለውጥ ያለ ሰው የሚገዛው እዚሁ ሲነዳ የቆየውን ነው። ያኛውም ሻጭ እንደ እርስዎ «ሳይታወቅበት» ተብሎ ይሆናል። የቪትዝዎን ሕመም አሁን እያወቁት ነው፤ የሚገዙትን መኪና ሕመም ግን ከዜሮ ጀምረው ሊፈልጉት ነው። ደግሞም ይህን ብልሽት ደብቀው ቢሸጡት፣ ቸርችል ላይ እንፋሎቱ የሚወጣበት ሌላ ሰው ነው፤ ይህን እርስዎም እንደማይወዱት ከደብዳቤዎ ይታያል።

ክዳኑ ተቀይሮም ችግሩ ከቀጠለ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ሲሞቅ ማራገቢያው መዞሩን ይመልከቱ። የከፋው ነገር፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን ማለትም ማሸጊያ መቃጠሉ፣ የሚታወቀው ሞተሩ እየሠራ ጋኑ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ሲወጣ፣ የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ሲታይ ወይም የማርሚታው ጭስ ነጭ ሆኖ ሲቀጥል ነው። ከእነዚህ አንዱን ካዩ መንዳት አቁመው ይጻፉልኝ። መብራቱ መንገድ ላይ ከበራም ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፤ እስኪበርድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ እንጂ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱበት፤ ቴስታታው ይጣመማል።