የዝናብ መለኪያችን ለምን አይስማማም?

ጥያቄ፦ የ6ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በሃይላንድ የሠሯቸው ሁለት የዝናብ መለኪያዎች ቁጥራቸው ይለያያል። በዚህ የአየር ንብረት ለውጥን ማስተማር ይቻላል?

መልስ፦ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጠርሙሱ የታችኛው መቀመጫ ነው፤ ወጣ ገባ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሚሊሜትሮች ያዛባል። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ይምረጡ። አናቱን ቆርጠው ገልብጠው ይክተቱበት። ታቹ ላይ ጠጠር ጨምረው፣ ጠጠሩ እስኪሸፈንና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ይሙሉ፤ ዜሮው እዚያ ነው። ከጣሪያና ከዛፍ ይራቅ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበብ፣ ውሃውም ወደ ዜሮ ይመለስ።

ተሳስቶ ያነበበውን ልጅ አይቆጡት። የተቆጡት ልጅ በማግስቱ ከጓደኛው ይገለብጣል፤ መዝገቡም ያን ጊዜ ያበቃለታል። ስህተቱን በአንድ መስመር ሰርዞ ትክክለኛውን ጎኑ ይጻፍ።

ለውጡን ግን የአንድ ክረምት ንባብ አያሳይም፤ የአየር ንብረት የሚሰላው በተለምዶ በ30 ዓመት አማካይ ነው። የአካባቢዎን የቆየ መረጃ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጠይቀው ያነጻጽሩ።