የጥፍር ፈንገስ መድኃኒት ሲያቃጥል

ጥያቄ፦ ለእግሬ ጥፍር ፈንገስ ሲክሎፒሮክስ የተባለውን የሚቀባ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ የጥፍሬ ዙሪያ ቀልቶ ያቃጥለኛል። ላቋርጠው ወይ? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጠነኛ መቅላትና ማቃጠል የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ስለሆነ፣ ጥፍሩንና የቅርብ ዙሪያውን ብቻ እየቀቡ፣ ከዚያ አልፎ የፈሰሰውንም ወዲያው እየጠረጉ መቀጠል ይችላሉ። ነገር ግን ቆዳው ካበጠ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ መቀባቱን አቁመው ሐኪምዎን ያማክሩ። በተለይ የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ እባክዎን ለአንድ ቀንም አይዘግዩ። የእግር ጥፍር አዝግሞ ስለሚያድግ ሕክምናው እስከ 48 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ በድሬዳዋ ሙቀት እግር በተሸፈነ ጫማ ውስጥ ሲያልብ ደግሞ ፈንገሱ ስለሚመቸው፣ ክፍት ጫማ ቢያዘወትሩ እመርጣለሁ። መድኃኒቱ በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ከከሰል ምድጃ ያርቁት።