ያረጀ ናፍጣ ላንድ ክሩዘር፦ ቱርቦው ይቆይ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። በቅርቡ እ.ኤ.አ. የ1994 ሥሪት ላንድ ክሩዘር 80 ገዛሁ። ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው። ጠዋት ሞተሪኖውን ብዙ ካላዞርኩት አይነሳም። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ጉልበትም የለውም። ዳገቱ ከረዘመ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል። ቱርቦ ግጠምበትና ተገላገል ይሉኛል። እኔም በዚያው ከፍ አስደርጌው ትልቅ ጎማ ባስገባለት ደስ ይለኛል። ገንዘቤ ግን ውስን ነው። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናውስ ጥሩ መኪና ነው። 1ኤችዜድ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የወጣ ሞተር ነው። ናፍጣ የሚመጥነው ሜካኒካል ፓምፕ ነው፤ ኮምፒውተር የለበትም። ስለዚህ አብዛኛውን ችግሩን በዓይን፣ በጆሮና በርካሽ መለኪያ ታገኘዋለህ። አንተ የዘረዘርከውን ስሰማ ይህ ሞተር የራሱን ጉልበት እንኳ እየሰጠህ አይደለም። መጀመሪያ እሱን እናስመልስ።

የመጀመሪያው ወጪህ የኮምፕሬሽን ልኬት ይሁን፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ ማለት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ስድስቱም ማሞቂያ ካንዴላዎች ወጥተው ይለካ። ቁጥሮቹን በየሲሊንደሩ ጻፋቸው። እኔ መጀመሪያ የማየው ልዩነታቸውን ነው። ትልቁና ትንሹ ከ5 ባር በላይ ከተራራቁ አንድ ቦታ ጣጣ አለ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገህ ድገመው። ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ንቅንቅ ካላለ ቫልቮላ (የአየሩና የጭሱ መዝጊያ) ወይም የቴስታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ነው። ዘይቱን ግን አታብዛው። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ፈሳሽ ከበዛበት ኮኔክቲንግ ሮዱን ያጣምመዋል።

እግረ መንገድህን የቫልቮላዎቹን ክፍተት አስለካ። ሞተሩ ቀዝቅዞ የመግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ የመውጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በዕድሜ ብዛት ይጠባል። ከጠበበ ቫልቮላው በደንብ አይዘጋም፤ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ ጠዋት መነሳትም ይከብዳል። ማስተካከያው ሺም (ክፍተቱን የሚወስን ቀጭን ብረት) መቀየር ብቻ ሆኖ ሳለ ስንቱ ቴስታ ያለ ምክንያት እንደሚወርድ ብነግርህ ታዝናለህ።

ወደ ጠዋቱ ችግር እንሂድ። ማሞቂያ ካንዴላ ለመግዛት አትሩጥ። ያደረውን መኪና ሞተሪኖ ከመንካትህ በፊት ኮፈኑን ክፈት። ናፍጣ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመህ ተጫነው። ከዚያ እንደ ወትሮው አሙቀህ አስነሳ። እሺ ብሎ ቶሎ ከተነሳ ሌሊት አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው (የናፍጣ ጋኑ) እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ ከፊልትሮው ወደ ኢንጄክሽን ፓምፑ የሚሄደውን ጎማ ለጊዜው ውስጡ በሚታይ የናፍጣ ቱቦ ተካው። ሞተሩ እየሠራ አረፋ ሲያልፍ ካየህ መስመሩን ወደ ኋላ እየተከተልክ ፈልግ። ይህ መስመር የሚሳብበት እንጂ የሚገፋበት አይደለም። ስለዚህ ውጪው ደረቅ ሆኖ፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ፣ አየር ሊያስገባ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያው የእጅ ፓምፑ ነው፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ይደርቃል። ቀጥሎ የተሰነጠቀ ጎማና የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ይመጣሉ። በእጅ መጫኑ ለውጥ ካላመጣ ግን ወደ ካንዴላዎቹ ዙር። እያንዳንዱን ነጥለህ በኦም መለኪያ ለካ። ደህናው በጣም ትንሽ ኦም ያሳያል፤ የተቃጠለው ጭራሽ አያነብም። ስድስቱም ደህና ከሆኑ ኤሌክትሪክ እየደረሳቸው መሆኑን፣ ፊውዙንና ሪሌውን እይ።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው። መጀመሪያ ነጻ የሆነውን አድርግ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ብርሃን ያዘው፣ መሳቢያ ቱቦውም እንዳልተጣበቀ ወይም እንዳልተደፈነ እይ። ቀጥሎ ናፍጣውን የሚረጩትን ኖዝሎች አስወርደህ በመፈተሻ ማሽን ላይ አስፈትሻቸው። ጥሩ ኖዝል እንደ ጭጋግ ይረጫል፣ መጥፎው ያንጠባጥባል። አዲስ ኖዝል አስገብቶ ግፊቱን ማስተካከል በዚህ ሞተር ላይ ወጪህን አሳምሮ የሚመልስ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ከፍታም አለ። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ፓምፑ ከፍታውን የሚያካክስ መሣሪያ ከሌለው ግን የሚያጠጣው ናፍጣ አይቀንስም። ትርፉ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከባህር ወለል በጣም ከፍ ባለ ቦታ የምትነዳ ከሆነ ፓምፑን የናፍጣ ፓምፕ ጥገና ቤት ወስደህ መጠኑን በትንሹ አስቀንስ። አንዳንዱ መካኒክ በተቃራኒው «ጉልበት እንዲጨምር» ብሎ የፓምፑን ብሎን ያዞርልሃል። እሺ አትበል። ጭሱ ይጨምራል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል፣ እሱም ዞሮ ዞሮ ራዲያተርህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሙቀቱን በተመለከተ ረጋ ብለን እንየው፣ የዚህን ሞተር ቴስታ የሚፈጀው እሱ ነውና። ሞቅ ሲል አጥፋውና የራዲያተሩን ገጽ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለካ። ከጎረቤቱ ተለይቶ ቀዝቃዛ የሆነ ቦታ ካገኘህ ውሃ አያልፍበትም፣ ተደፍኗል። ፊት ለፊቱም በአቧራና በነፍሳት ሊደፈን ይችላል፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ቀስ ባለ ውሃ እጠበው። ቀጥሎ ማራገቢያውን እይ። መሐሉ ያለው ቪስከስ (ማራገቢያውን የሚይዘው መጋጠሚያ) ውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለው። ሞተሩ ግሎ ከጠፋ በኋላ በእጅህ ስታዞረው ከበድ ሊልህ ይገባል። እንደ ልጆች መጫወቻ ከተሽከረከረ ዘይቱ አልቋል።

ተርሞስታቱን (ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውን) «አስወጥተነዋል፣ አሁን አይግልም» ብለው ሸጠውልህ ከሆነ መልሰህ አስገባ። የዚህ ሞተር ተርሞስታት ሲከፈት በሌላኛው ጫፉ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ የጋለው ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዳገት ላይ የሚግለው እንዲህ ያለ መኪና ነው። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር አሙቀው፤ ላዩ ላይ በተቀረጸው ዲግሪ ገደማ መከፈት መጀመር አለበት።

የራዲያተር ክዳንም ሰዎች ይንቁታል። ባህር ወለል ላይ 1 ባር የሚይዝ ክዳን የውሃውን መፍያ ከ100 ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ካለህ ይህን ሁሉ ታጣለህ። ርካሽ ነውና ዝም ብለህ ቀይረው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ግን። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ቢግልና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተነሳ የቴስታ ጋስኬት ወይም የተሰነጠቀ ቴስታ ጠርጥር።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሙቀት መርፌ አትመነው። በብዙ ቶዮታዎች ሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ ቆሞ ይቀራል። ሲነሳ መሽቷል። በዲግሪ የሚያነብ ትርፍ ጌጅ ግጠም። ለዚህ መኪና ከጌጡ ሁሉ በፊት የምገዛለት እሱን ነው።

ታይሚንግ ቤልቱ (ቫልቮላዎቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለህ ዛሬውኑ ቀይረው፣ ከነመወጠሪያው። መቀየሪያው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከተበጠሰ ቫልቮላና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያኔ ስለ ቱርቦ የምናወራበት ምክንያት አይኖርም።

ከሞተሩ ወረድ ስትል የፊት ጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን ያሉትን ክብ ኳሶች እይ። በቀጭኑ የቅባት ፊልም ቢኖርባቸው ጤነኛ ነው። ጥቁር፣ የቀጠነ ቅባት ወደ ጎማው እየወረደ ከሆነ ግን የአክስሉ የውስጥ ሲል ሄዷል፤ የዲፈረንሲያል ዘይት ግሪሱን እያጠበው ነው። የሲልና የጋስኬት ኪቱ አይጎዳህም፣ የሚበዛው የእጅ ዋጋው ነው። አንዴ ከተፈታ የጎማ ኩሽኔታዎቹንም (ጎማው የሚዞርባቸውን ቤሪንጎች) አጥበህ አዲስ ግሪስ ሙላባቸው። ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያዎች) ሰው መሪውን እያወዛወዘልህ ከሥር ሆነህ ፈትሽ። የፍሬን ዘይቱን ሙሉ ለሙሉ ቀይር፤ ውሃ ስለሚስብ መፍያው ይወርዳል። ያበጠ የፍሬን ዘይት ቱቦ ካለ አብሮ ይውጣ።

አሁን ወደ ምኞትህ። ጎማ፦ ከ275/70 አር16 ወደ 285/75 አር16 ብትሄድ ዙሪያው 5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማርሽህ በዚያው ልክ ይረዝማል፣ ዳገት ላይ ይሰማሃል። ያለህን መጠን ጥሩ አድርገህ ግዛ። ማሳደግ፦ የፊቱ አክስል አንድ ወጥ ስለሆነ 50 ሚሊ ሜትር ብታሳድገው የካስተር ማዕዘኑ (መሪው ቀጥ ብሎ እንዲመለስ የሚያደርገው ዘንበል ማለት) ይወርድና መሪው ይንሳፈፋል፤ ማስተካከያ ቡሽ መግጠም ግድ ነው። የደከሙ ቡሾችንና ሾክ አብዞርበሮችን በልኩ መቀየር ብቻ መኪናውን ሌላ ያደርገዋል።

ቱርቦ ይቻላል፣ የገጠሙት ብዙ ናቸው። ነገር ግን ይህ ሞተር የቅድመ ማቃጠያ ክፍል (ናፍጣው መጀመሪያ የሚቀጣጠልበት ትንሽ ክፍል) ያለው፣ የኮምፕሬሽን ምጣኔው 22 ለ1 አካባቢ የሆነ ነው። ሙቀት ሲበዛ ቅድመ ክፍሎቹ ይሰነጠቃሉ። ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ሆኖ፣ ማቀዝቀዣው አስተማማኝ ሆኖ ካገኘኸው ግፊቱ 0.5 ባር አካባቢ ይሁን። የጭስ ሙቀት መለኪያም ከቱርቦው በፊት ግጠምበት፤ 700 ዲግሪ እንዳያልፍ ተጠንቀቅ። ፍሪሲዮኑም ጭማሪውን መቻሉን አስብ።

ለመብራቱ አንድ ርካሽ ነገር፦ አምፖሉ ጋ ቮልቴጁን ለካ፣ ባትሪው ላይ ካለው ጋር አስተያየው። ልዩነቱ ከ1 ቮልት በላይ ከሆነ ከባትሪ በቀጥታ በሪሌ አገናኘው። ያው አምፖል ይደምቃል። ቦዲውን መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ዝገት ላይ ስቱኮ የሚለጥፍ ሰው ካለ ሥራውን አቁመው፣ ዝገቱ መጀመሪያ ተቆርጦ ይውጣ።

ስድስቱን የኮምፕሬሽን ቁጥሮች፣ የቫልቮላ ክፍተቶቹንና ጠዋት የእጅ ፓምፑ ምን ለውጥ እንዳመጣ ጽፈህ ላክልኝ። የሚገዛውን የምንወስነው ከዚያ በኋላ ነው።